ገመናን በገዛ አፍ

መጽሐፉ ተጽፎ አልቆ ነበር። የአሜሪካ ፕሬዚዳንት የነበሩት የጄራልድ ፎርድ ባለቤት ቤቲ ፎርድ ልጅነታቸውን፣ በማርታ ግርሃም ሥር የተማሩትን ዳንስ፣ ያሳደጓቸውን አራት ልጆችና የኋይት ሐውስ ዘመናቸውን ተርከው ብዕራቸውን አስቀምጠዋል። በ1978 ጸደይ ግን አንድ ምዕራፍ መጨመር ግድ ሆነባቸው (እዚህ የሚጠቀሱት ዓመታት ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው)። ያ ምዕራፍ ባይጨመር ኖሮ መጽሐፉ ውሸት ባይኖርበትም ዋናው ነገር ቀርቶበት ይታተም ነበር።

ነገሩ የጀመረው በ1964 ነው። አንገታቸው ላይ ነርቭ ተቆንጥጦ ሕመሙ አላስቀምጥ ሲላቸው ሐኪም ማስታገሻ አዘዘላቸው። አንዱ መድኃኒት ሌላውን እየጠራ ለእንቅልፍ የሚዋጠው፣ ለጭንቀት የሚዋጠው ተጨመረ፤ በዚያ ላይ መጠጥ ነበር። ባል በፖለቲካው ምክንያት ከቤት የሚርቁ ሰው ናቸው፤ የልጆቹ ነገር የወደቀው በእናት ትከሻ ላይ ነው። ዓመታት እንዲህ አለፉ። በ1977 መኸር ሞስኮ ድረስ ሄደው ለአሜሪካ ቴሌቪዥን ስለ ቦልሾይ ባሌት ትረካ ሲያቀርቡ ምላሳቸው ተሳስሮ፣ ቃላቱ እየተጎተቱ ነበር የሚወጡት። ተመልካች ታዝቧል። በቤት ውስጥ ግን ሁሉም እንዳላየ ሆኖ ይኖር ነበር።

ዝምታውን ለመስበር የተነሳችው የ20 ዓመቷ ሴት ልጃቸው ሱዛን ናት። መጀመሪያ ራሱ ከመጠጥ ሱስ ያገገመ አንድ ሐኪም ይዛ ገባች። ሐኪሙ የገዛ ታሪኩን ሳይደብቅ ነገራቸው። እንዴት ይጠጣ እንደነበር፣ እንዴት እንደተወ፣ ሁሉንም። ቤቲ ፎርድ ግን ጆሮ አልሰጡትም፤ ጭራሽ ተቆጥተው የመጡትን ሁሉ ከቤት አስወጧቸው። ይህች ትንሽ ክስተት ብዙ ጊዜ ሳትነገር ትታለፋለች። መታለፍ ግን የለባትም። እውነተኛ ምስክርነት፣ ከልብ የተነገረ፣ በትክክለኛው ሰው አፍ የቀረበ ምስክርነት እንኳ ሰሚው ባልተዘጋጀበት ሰዓት ሲመጣ እንደ ስድብ ሊሰማ ይችላል።

በኤፕሪል 1 ቀን 1978፣ ቅዳሜ ጧት፣ ቤተሰቡ በሙሉ ካሊፎርኒያ ባለው ቤታቸው ተሰበሰበ። በዚህኛው ቀን የሌላ ሰው ታሪክ አልተነገረም። እያንዳንዱ ያየውን ብቻ ተናገረ። ስቲቨን እራት አብስሎ፣ ገበታ አቅርቦ እናቱን የጠበቀበትን ምሽት አስታወሰ፤ እናት በሰዓቱ ገበታው ላይ አልነበሩም። ጃክ ጓደኛ ይዞ ከመግባቱ በፊት እናቱ በምን ሁኔታ ላይ እንዳሉ አጮልቆ ያይ እንደነበር ተናገረ። ሱዛን ዳንሰኛ እናቷን እያየች ያደገች ልጅ ናት፤ ያቺ ውብ አረማመድ አሁን መደነቃቀፍ መሆኗን ነገረቻቸው። የበኩር ልጃቸው ማይክልና ሚስቱ ደግሞ ልጅ ሊወልዱ እንደሚያስቡና ለልጃቸው ጤነኛ አያት እንደሚፈልጉ ተናገሩ። እናት አለቀሱ። ክሱ ለክርክር የማይመች ነበር፤ ሁሉም በቀን፣ በገበታና በበር የሚለካ ነገር ነው የተናገሩት።

60ኛ ዓመታቸውን ካከበሩ ከሁለት ቀን በኋላ ቤቲ ፎርድ ሎንግ ቢች በሚገኘው የባሕር ኃይል ሆስፒታል ገቡ። የቀዳማዊት እመቤትነት ዘመን ካበቃ ገና ዓመት ከጥቂት ወር ነው፤ ለብቻቸው ክፍል እንደሚሰጣቸው አልተጠራጠሩም። ያገኙት አራት አልጋ ያለበት ክፍል ሆነ። አልገባም አሉ። የክፍሉ ኃላፊ ዶክተር ጆሴፍ ፐርሽ የመለሱላቸው መልስ አጭር ነው፤ ብቻዎን መሆን ከፈለጉ ሴቶቹን በሙሉ ከዚህ አስወጣቸዋለሁ አሏቸው። እንደዚያማ አይሆንም ብለው ሻንጣቸውን ይዘው ገቡ።

መጀመሪያ ለጋዜጠኞች የተሰጠው መግለጫ ስለ መድኃኒት ብቻ ነበር የሚያወራው። በሐኪም ትእዛዝ የተጀመረ መድኃኒት በዝቶባቸው ነው የሚል። ውሸት የለበትም። የሰው ልጅ ሁሉ ግን ከሁለት ጥፋት አንዱን አምኖ ይናገር ከተባለ ቀለል የሚለውን ይመርጣል፤ ክኒን ከሐኪም እጅ ነው የሚመጣው፣ ጠርሙሱን ግን ሰው ራሱ ነው የሚከፍተው። ከቀናት በኋላ ሐኪሞቹ መጠጡንም በግልጽ እንዲናገሩ ጠየቋቸው። አይሆንም፣ ባለቤቴን አሳፍራለሁ አሉ። ከባልዎ ጀርባ አይደበቁ፣ እዚሁ አሉ፣ ይጠይቋቸው ተባሉ። ጄራልድ ፎርድ በፍጹም አላፍርም ብለው መለሱ። ቤቲ ፎርድ እያለቀሱ ቆዩና የአልኮል ሱሰኛም መሆናቸውን የሚገልጸው ቃል ለሕዝብ እንዲወጣ ተስማሙ።

በዚያው ሆስፒታል በአንድ የቡድን ስብሰባ ላይ አጠገባቸው የነበረች ወጣት ሴት መጠጧ ችግር እንዳልሆነ፣ ማንንም እንዳልጎዳ ተናገረች። ያን ሲሰሙ ቤቲ ፎርድ ተነስተው ስማቸውን ጠሩ፤ የአልኮል ሱሰኛ መሆናቸውን፣ መጠጣቸው ቤተሰባቸውን እንደጎዳ በገዛ አፋቸው ተናገሩ። ሰውነታቸው እየተንቀጠቀጠ ነበር። የራሳቸውን ሽሽት በሌላ ሰው አፍ ሲሰሙት አወቁት።

አማርኛ ለዚህ ጉዳይ የሚሆን አንድ ቃል አለው፤ ገመና። ገመና ክፉ ሥራ ማለት አይደለም። ተሸፍኖ መኖር ያለበት የቤት ጉዳይ ነው፤ ድህነት ሊሆን ይችላል፣ ሕመም ሊሆን ይችላል፣ የባልና የሚስት ጠብ ሊሆን ይችላል። ገመናችንን ሸፍንልን ተብሎ ይጸለያል። ገመና አውጪ የተባለ ሰው ደግሞ ወዳጅ አይኖረውም። በዚያው ቋንቋ «በሽታውን የደበቀ መድኃኒት አይገኝለትም» ይባላል። ሁለቱም ትክክል ናቸው፤ የሚያስታርቃቸው ገመናውን የሚገልጠው ማን ነው የሚለው ጥያቄ ይመስላል። ባለቤቱ ሲገልጠው መድኃኒት ፍለጋ ነው። ሌላው ሲገልጥበት ግን ያው ገመና ማውጣት ነው።

ቤቲ ፎርድ የመጀመሪያዋ ተናጋሪ አልነበሩም። ከሳቸው 70 ዓመት ቀደም ብሎ፣ በ1908፣ የየል ዩኒቨርሲቲ ምሩቅ የሆነው ክሊፎርድ ቢርስ በኮነቲከት የአእምሮ ሆስፒታሎች ውስጥ ያሳለፈውን ሦስት ዓመት፣ የደረሰበትን ድብደባና መታሰር በመጽሐፍ አሳተመ፤ በዚያው ዓመትም የአእምሮ ጤና ንቅናቄ ማኅበር አቋቋመ። በ1944 ማርቲ ማን የተባሉ ሴት የአልኮል ሱሰኛ እንደነበሩ በስማቸው ተናግረው ሕዝብን የሚያስተምር ድርጅት መሠረቱ። ጨረቃን የረገጡት ሁለተኛው ሰው በዝ አልድሪን ከጉዞው በኋላ የገቡበትን የድብርት ሕመም በ1973 ጻፉ። ከዚህ ሁሉ ለየት ያለው ግን በሜይ 8 ቀን 1976 የሆነው ነው። የማርቲ ማን ድርጅት ዋሽንግተን በሚገኝ ሆቴል ባዘጋጀው መድረክ 52 የታወቁ ሰዎች በአንድ ላይ ተቀምጠው ከአልኮል ሱስ ማገገማቸውን ተናገሩ። አልድሪን ነበሩ፣ ተዋናዩ ዲክ ቫን ዳይክ ነበሩ፣ የአሜሪካን ግብር ሕግ በእጃቸው ይዘው የነበሩት የምክር ቤት አባል ዊልበር ሚልስም ነበሩ። አንድ ሰው ብቻውን ሲናገር ታሪኩ የእሱ ጉድ ሆኖ ይቀራል። ሃምሳ ሁለት ሰው ሲሆን ግን ስለ በሽታው መነጋገር ይጀመራል።

እዚህ ላይ አንድ ጥያቄ መነሳቱ አይቀርም። በ1935 በኦሃዮ የተጀመረው የአልኮል ሱሰኞች መረዳጃ ማኅበር አባላቱ በጋዜጣ፣ በሬዲዮና በፊልም ፊት ስማቸውን እንዳይገልጹ ይመክራል። ታዲያ ማኅበሩ በእፍረት ተሸማቆ ነው? አይደለም። ምክንያቶቹ በልምድ የተገኙ ናቸው። የማኅበሩ ምሳሌ ነኝ ብሎ አደባባይ የወጣ ሰው ነገ ወደ መጠጡ ቢመለስ፣ ለመምጣት ያመነታ የነበረው ሌላ ሰው ተስፋ ይቆርጣል። ጭብጨባም ራሱ እንደ መጠጥ የሚያሰክርበት ጊዜ አለ። ስለዚህ በማኅበሩ ውስጥ ያለ ሰው ማገገሙን በስሙ መናገር ይችላል፤ አባልነቱን ግን በአደባባይ አያነሳም። በ1976 መድረክ ላይ የተቀመጡት ሰዎችም ይህን ጠብቀው ነው የተናገሩት።

አማርኛ ሁለት ግሶችን ለይቶ ያስቀምጣል፤ ዳነ እና አገገመ። የዳነ ሰው ነገሩ አልቆለታል። ያገገመ ሰው ግን ከአልጋ ተነስቶ፣ ግድግዳ ይዞ፣ ሾርባ እየጠጣ ቀስ በቀስ ኃይሉ የሚመለስለት ሰው ነው። ከጎኑም ሌላ ግስ አለ፤ አገረሸ። ወባ ያገረሻል፣ ሱስም ያገረሻል፣ የአእምሮ ሕመምም ያገረሻል። በአደባባይ የሚሰማው ምስክርነት በአብዛኛው የሚነገረው በዳነ ነው። እንዲህ ነበርኩ፣ ዛሬ እንዲህ ነኝ፤ እልል። ይህን የሰማ ታማሚ መድኃኒቱን ሊያቆም ይችላል፤ ሕመሙ ሲያገረሽበት ደግሞ ራሱን እንደ ከሐዲ ይቆጥራል። በአገገመ የሚናገር ሰው ግን መሐሉን ይናገራል። ስንት ጊዜ እንደወደቀ፣ ማን እንዳነሳው፣ ጧት ከአልጋ ለመውረድ ምን እንዳደረገ፣ መድኃኒቱ መጀመሪያ ምን እንዳስቸገረው። ሰሚው ነገ ሊጠቀምበት የሚችለው ይህን መሐሉን ነው።

ከሱስ፣ ከአእምሮ ሕመምና ከአመጋገብ መታወክ ለመናገር ይበልጥ የሚያስቸግረው ምናልባት የመጨረሻው ሳይሆን አይቀርም። በአኖሬክሲያ የተያዘ ሰው እየከሳም ወፍሬያለሁ ብሎ ራሱን ከምግብ ይከለክላል፤ በቡሊሚያ የተያዘ ብዙ ይበላና መልሶ ያስወጣዋል። ሁለቱም ሊገድሉ ይችላሉ፤ አኖሬክሲያማ ከአእምሮ ሕመሞች ሁሉ የሞት መጠናቸው ከፍተኛ ከሆኑት ወገን ነው።

ካረን ካርፔንተር ከወንድሟ ጋር ስትዘፍን ድምፅዋን ዓለም ያውቀው ነበር። በ1981 በእንግሊዝ ቴሌቪዥን ቀርባ ሳለ ጋዜጠኛዋ ስለ መክሳቷና ስለ በሽታው ቀጥታ ጠየቀቻት። ካረን ደክሞኝ ነበር ብላ አስተባበለች። ማን ይፈርድባታል? በካሜራ ፊት፣ ባላሰበችው ሰዓት፣ በማታውቃት ሴት የተጠየቀ ጥያቄ ነው። በፌብሩዋሪ 4 ቀን 1983 በ32 ዓመቷ በወላጆቿ ቤት ወደቀች፤ ልቧ ሊቀጥል አልቻለም። ብዙ ሰው አኖሬክሲያ የሚለውን ስም መጀመሪያ የሰማው ከእሷ የሞት ዜና ነው።

ልዕልት ዳያና ደግሞ በኤፕሪል 1993 ለንደን ውስጥ በአመጋገብ መታወክ ላይ በተደረገ ጉባኤ ንግግር አደረገች። ስለ ራሷ በስም አላነሳችም፤ ከዓመት በፊት በወጣ መጽሐፍ ምክንያት ግን አዳራሹ የምትናገረው ከየት እንደመጣ ያውቅ ነበር። በኖቬምበር 1995 በቢቢሲ ቃለ ምልልስ ላይ ቡሊሚያ ለዓመታት እንዳሰቃያት በግልጽ ተናገረች። በብሪታንያ ብቻ ከ20 ሚሊዮን በላይ ሰው ነው ያየው። በቡሊሚያ የተያዘ ሰው ክብደቱ ብዙ ላይለወጥ ስለሚችል ሕመሙ አጠገቡ ከሚተኛ ሰው እንኳ ይደበቃል፤ እሷም የተናገረችው ስለዚህ ድብቅነትና እፍረት ነበር። የብሪታንያን የሐኪም ቤት መዛግብት ከ1988 እስከ 2000 የመረመሩ አጥኚዎች አዲስ የሚመዘገበው የቡሊሚያ ታካሚ ቁጥር እስከ 1996 እያደገ ሄዶ ከዚያ ሲቀንስ አይተዋል። የልዕልቷ መናገር ብዙዎችን ወደ ሐኪም ልኮ ሊሆን እንደሚችልም ገምተዋል።

ይህ ታሪክ ሌላ ገጽታም አለው። በ2021 የወጣ የምርመራ ሪፖርት ጋዜጠኛው ማርቲን ባሽር ቃለ ምልልሱን ለማግኘት የተጭበረበሩ የባንክ ሰነዶችን ለወንድሟ ማሳየቱን አረጋገጠ። ልጇ ዊሊያም ያ ፕሮግራም ዳግመኛ እንዳይታይ ጠየቀ። የተናገረችው እውነት ነው፤ ሰምተው የተረዱም አሉ። ግን በማታለል በተከፈተ በር ነው ሰው ሁሉ የገባው። አንድን ታማሚ ለበጎ ዓላማ ነው፣ ለሌሎች ትምህርት ይሆናል እያለ ካሜራ ፊት የሚያስቀምጥ ሰው ሁሉ ይህን ሊያስበው ይገባል። በየመድረኩና በየስልኩ ቪዲዮ ሱሰኛን በስካሩ፣ ታማሚን በሕመሙ ሰዓት የሚያሳይ ሰው ምንም ያህል እንባ ቢያስለቅስ ምስክርነት አሰማሁ ማለት አይችልም። ፈቃድ የሰጠው ሰው ነገ ጤናው ሲመለስ ዛሬ የሰጠውን ፈቃድ ይወደው እንደሆነ መጠየቅ አለበት።

ስለ አመጋገብ መታወክ የሚናገሩ ሰዎች የተማሩት ሌላም ነገር አለ። ቁጥር አይጠሩም። በእንግሊዝ የሚገኘው ቢት የተባለ የታማሚዎች በጎ አድራጎት ድርጅት ስንት ኪሎ ደርሼ ነበር፣ በቀን ይህን ያህል ብቻ እበላ ነበር የሚል ዝርዝርና የከሳ ሰውነት ፎቶ እንዳይወጣ ጋዜጠኞችን ይመክራል። ጤነኛ ሰው ቁጥሩን ሲሰማ ይደነግጣል። በሕመሙ ውስጥ ያለች ልጅ ስትሰማው ግን ግብ ይሆናታል፤ እሷ እዚያ ደርሳለች፣ እኔ ገና ነኝ ትላለች። ለማስጠንቀቅ የተነገረው ቃል መመሪያ ይሆንባታል። የተናጋሪው ጥበብ እዚህ ላይ በሚተወው ነገር ይታያል።

መናገር የሚሠራ ለመሆኑ ከስሜት ያለፈ ማስረጃ አለ። በ2012 ፓትሪክ ኮሪጋንና ባልደረቦቹ በ14 አገሮች የተሠሩ፣ ከ38 ሺህ በላይ ሰዎች የተሳተፉባቸውን 72 ጥናቶች አንድ ላይ አስቀምጠው መረመሩ። ስለ አእምሮ ሕመም ያለውን መጥፎ አመለካከት በመለወጥ ረገድ በአዋቂዎች ዘንድ ከትምህርት ይልቅ የበለጠ ውጤት ያመጣው ሕመሙ ከደረሰበት ሰው ጋር ተገናኝቶ መነጋገር ሆኖ ተገኘ። በተለይ ፊት ለፊት ሲሆን። በታዳጊዎች ዘንድ ግን ትምህርቱ በለጠ።

ኢትዮጵያ ውስጥ ነገሩን የሚያወሳስበው ገመናው የአንድ ሰው ብቻ አለመሆኑ ነው። በቡታጅራ አካባቢ ከባድ የአእምሮ ሕመም ያለባቸው ሰዎች ዘመዶች የሆኑ 178 ሰዎች ተጠይቀው፣ በ2001 በታተመው ውጤት መሠረት 75 በመቶው በሕመሙ ምክንያት የመገለል ስሜት እንዳጋጠማቸው ተናገሩ፤ 37 በመቶው ዘመዳቸው መታመሙ እንዳይታወቅ ይፈልጉ ነበር። አንድ ወጣት ታምሜ ነበር ሲል እህቱ ልትዳር በተዘጋጀችበት ሰዓት ዘራቸው ውስጥ እንዲህ ያለ ነገር አለ ያሰኛል። እናቱ ልክፍት ነው፣ የሰው ዓይን ነው ብላ ለጎረቤት የነገረችውን ያፈርስባታል። ስለዚህ እዚህ አገር የሚናገር ሰው ከአደባባዩ በፊት የሚያልፍበት ሌላ ስብሰባ አለ፤ የቤተሰቡ ሳሎን።

ምስክርነት ግን ለዚህ አገር ባዕድ ነገር አይደለም። በጸበል ቦታ፣ በቤተ ክርስቲያን፣ በየጸሎት ቤቱ ሰው ቆሞ የሆነውን ይናገራል፤ ሕዝቡም ያዳምጣል። በዚያ ባህል ላይ የሚጎድለው ነገር ቢኖር ለአገገመ የሚሆን ቦታ ነው፤ ዛሬ ተሽሎኛል፣ መድኃኒቴን እየወሰድኩ ነው፣ ጸበሌንም አልተውኩም የሚል ሰው ቆሞ የሚናገርበት። ጸበልና መድኃኒት አብረው እንዲሄዱ በአዲስ አበባ የሃይማኖት አባቶችና የሥነ አእምሮ ሐኪሞች ተባብረው የሠሩበት ልምድ ተጽፎ ይገኛል። ያ ትብብር ለተናጋሪውም በር የሚከፍት ነው፤ አንዱን ለማመስገን ሌላውን እንዲክድ አይገደድም።

ቤቲ ፎርድ ከሎንግ ቢች ሲወጡ አልተሸለሙም፣ ሥራ ጀመሩ። በዚያ ዘመን የምትጠጣ ሴት ከሚጠጣ ወንድ ይልቅ ትደበቅ ነበር፤ ቤተሰቧ ይደብቃታል፣ ሐኪሟም ጭንቀት ነው ብሎ ሌላ ክኒን ይጨምርላታል። ከጎረቤታቸው ከሊዮናርድ ፋየርስቶን ጋር ገንዘብ አሰባስበው በኦክቶበር 1982 ራንቾ ሚራዥ በተባለች ከተማ በስማቸው የተጠራውን ማዕከል ከፈቱ። ከአልጋዎቹ ግማሹ ለሴቶች እንዲሆን ወሰኑ። በ1987 ስለ ማገገም ብቻ የሚተርክ ሁለተኛ መጽሐፍ አወጡ፤ የመጀመሪያው መጽሐፍ መጨረሻ ላይ የገባችው ምዕራፍ አሁን ሙሉ መጽሐፍ ሆነች።

እስከ እርጅናቸው ድረስ ማዕከሉ እየሄዱ አዲስ ለገቡ ታካሚዎች ይናገሩ ነበር። የተቀመጡት ሰዎች ገና እጃቸው የሚንቀጠቀጥ፣ ቤት ልሂድ የሚሉ፣ እኔ እንደ እነዚህ አይደለሁም የሚሉ ናቸው። ከፊታቸው የቆሙትን ሴት በቴሌቪዥን ያውቋቸዋል። እሳቸው ግን የፕሬዚዳንቱን ነገር አያነሱም። ስሜ ቤቲ ፎርድ ይባላል፣ የአልኮልና የመድኃኒት ሱሰኛ ነኝ ብለው ይጀምራሉ።